ከጎመን መደቡ ማዶ ያለ ውጭ ሀገር

እትዬ ሙሉ፣ ዛሬ የማጫውትዎትን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም… ኃጢአቱ የኔ አይደለማ፣ ምን ብዬ? ግን እሱ ይቆየን። ይልቅ ሻንጣው ሞላ? የገብስ ጩኮው ገባ? ልጅዎ ምኞት ከሁሉ አስበልጣ የጠየቀችው ጩኮውን ነው። እናቴ ብትረሳ እንኳ አንቺ አስታውሻት ብላኛለች። ቅቤው እንዳይፈስ በሁለት ፌስታል ይጠቅልሉት፤ የዱባይ ሙቀት ለባሌ ቅቤ አያዝንም። ነገ በጠዋት ነው አይደል የሚበሩት? ይገርማል… ሮቤ ሱቅ ከከፈቱ ወዲህ ከጊኒር አልፈው የማያውቁ ሰው፣ ድንገት ተነሥተው ዱባይ። ልጅ የማታስደርገው ምን አለ?

አይ፣ አይነሡ፣ አፈር ልሁን። ሻይ ይበቃኛል። "ከጎባ ድረስ ወርደሽ ለሻይ ብቻ?" ይሉኝ ይሆናል። ሁልጊዜ "ይቺ ሶሲ አፏ ተሰፍቷል እንዴ" እያሉ ይቀልዱብኝ የለ? ዛሬ ስፌቱ ትንሽ ላልቷል መሰለኝ። መሬት መሬት እያየሁ ብናገር ይቅር ይበሉኝ፤ ሰው ፊት ቀና ብዬ ማውራት እስካሁን አልለመድኩም።

ወንድማችንም እዚሁ ነው ለካ። እንደምን ዋልክ ወንድሜ… በል አትነሣ፣ ሥራህን ሥራ። የእትዬ ሙሉን ሲም ካርድ በመርፌ እያወጣህ አይደል? መርፌ የያዘ ሰው መናገር የለበትም። እኛ ሴቶች እናወራለን፤ አንተ ጣትህን ጠብቅ።

ታድለዋል እትዬ ሙሉ። ሮቤ ውስጥ ሰው ባሕር ሊሻገር ሲነሣ የሚጠራው ወንድማችን ነው። ሶኬት ቢባል እሱ፣ ኔትወርክ ቢባል እሱ፣ የአውሮፕላን መስኮት ይከፈታል ወይ ቢባል እሱ። ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ መንገድ ላይ አስቁመው ያማክሩታል። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባል የለ? ያ ድሮ ነው። ዛሬ ምንጩንም ያላየ አባይን ያስተምራል… ወንድማችንን ማለቴ አይደለም። እሱማ ሄዶ አይቷል። ሁላችንም ሸኝተነው የለ?

ይሄ አልጋው ላይ የተጣለው ገመድ ምንድን ነው? ቻርጀርዎ? ከሻንጣው ማን አወጣው? … አሃ። ውጭ ሀገር ስልክ በዋይፋይ ስለሚሞላ ቻርጀር ሸክም ነው ብሎ። ሲም ካርዱንም እዚያ ሲደርሱ ይቀሙዎታል፣ እዚህ ይቅር ብሎ። መስመሩ ደግሞ አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ በራሱ ይከፈታል፤ "ሄሎ" ማለት ብቻ ነው ብሎ። ምን ዓይነት ዕውቀት ነው… እኔ ጎባ ተቀምጬ ይሄን ከየት እሰማለሁ? ባዮሎጂ ነው የማስተምረው። ዛፍ እንኳ በአየር ብቻ አይኖርም፣ ሥር ያስፈልገዋል እያልኩ የሰው ልጅ ሳደክም እውላለሁ።

ምኞት ትናንት የጻፈችልኝን ልንገርዎት? "ሶሲ፣ ቀኔ ደርሷል። ባለቤቴ ከሥራ መውጣት አልተፈቀደለትም። እናቴ ስትወርድ ስልኳ ከሞተ፣ በዚህ ሆዴ ያን ሁሉ ሕዝብ እየገፋሁ የት ብዬ ነው የማገኛት?" አለችኝ። የሚወርዱበት አዳራሽ የሮቤን ገበያ ከነፈረስ ጋሪው ይውጣል አሉ። መውጫውም አንድ አይደለም። እርስዎ ደግሞ አረብኛም እንግሊዝኛም… ኦሮምኛዎማ ማር ነው፤ ግን እዚያ ማን ይሰማዎታል? እና ያቺ ስልክ ከጠፋች፣ እናት አንዱ በር ላይ፣ ልጅ ሌላው በር ላይ፣ ምጡ ደግሞ በመካከል…

እኔ ምን አገባኝ። ወንድማችን እያለ። ብቻ አንድ ሰው ትዝ አለኝና ነው።

ስሙን አይጠይቁኝ። ስም ማንሣት ሐሜት ነው፤ እኔ ደግሞ ሐሜት አልወድም። ያ ሰው ወደ አንድ ብርድ ሀገር ለሥልጠና ሊሄድ ተነሣ። አሸኛኘቱ ይነገራል? በግ ታረደ፣ ሽማግሌዎች ተናገሩ፣ ሠርግ አድማቂዋ ፈትያ ከበሮዋን እየመታች እስከ መናኸሪያ ሸኘችው። እኛ እኮ ሰው መሸኘት እናውቅበታለን። ችግሩ፣ ሰውዬውን ስንሸኝ መመለሻውንም አብረን እንሸኘዋለን። በግ የታረደለት፣ ከበሮ የተመታለት ሰው፣ አዲስ አበባ ላይ "ወረቀትህ አልተሟላም፣ ተመለስ" ቢባል በየትኛው ፊቱ ይመለሳል? የበጉ ቆዳ ገና ሳይደርቅ?

ይህኛው ግን ብልህ ነው። መመለሱን ተመለሰ፤ ሮቤ ግን አልወረደም። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተኮራምቶ፣ የገዛ ቤቱን በመስኮት እያየ አለፈና ጎባ ወረደ። አብረውት የተሳፈሩት ወደ ሆስፒታል የሚሄድ በሽተኛ መስሏቸው ሁለት ወንበር ለቀው አስተኝተውታል። ይሄን ኋላ የነገሩኝ አክስቱ ናቸው። ዞሮ ዞሮ ከቤት ይባላል፤ እሱ ዙረቱን ዘልሎ በቀጥታ ከቤት ገባ። ጊዜ መቆጠብ ማለት ይሄ አይደል?

አክስቱ ጎባ ነው የሚኖሩት፤ ደግ ሴት ናቸው። ከግቢያቸው ጀርባ ገብስ የሚያስቀምጡባት ጓዳ አለቻቸው። ያቺ ጓዳ ውጭ ሀገር ሆነች።

ምነው ወንድሜ፣ መርፌው ወደቀብህ? … ምንጣፉ ሥር እይ። ቀስ ብለህ ፈልግ፣ ማን አጣደፈህ።

ምን እያልኩዎት ነበር? … አዎ፣ ውጭ ሀገር። ውጭ ሀገር የገባ ሰው ዋና ጭንቀቱ ምንድን ነው እትዬ ሙሉ? ቻርጅና ኢንተርኔት አይደል? የጓዳዋ ሀገር ደግሞ ሶኬት የላትም። የአክስትየው ቆጣሪም ተቃጥሎ ቤቱ በሙሉ በኩራዝ ነበር። ስለዚህ ማታ ማታ ስልኩን አጥፍተው፣ በነጠላቸው ጠቅልለው ጎረቤት ይወስዱታል። ጎረቤታቸው ማን ነች? … እንዲህ አይዩኝ፣ አፍራለሁ። አዎ፣ እኔ ነኝ። "የእህቴ ልጅ ከውጭ የላከልኝ ስልክ ነው፤ ቻርጅ አድርጊልኝ የኔ ልጅ" ይሉኛል። ኢንተርኔቱም ከኔው ነው። ለማስተርስ ትምህርቴ ብዬ ያስገባሁት ዋይፋይ ነበረኝ፤ ልጁን በምስል ላነጋግረው ብለው የይለፍ ቃሉን ጠየቁኝ፣ በደስታ ሰጠኋቸው። እንዴት አልሰጥ? ያ ልጅ እኮ…

እንግዲህ ለማንም ያልነገርኩት ከዚህ ይጀምራል። ያ ልጅ ሊያገባኝ ቃል የገባልኝ ሰው ነበር። አዎ፣ እኔን። "ስመለስ ሽማግሌ እልካለሁ" ብሎኝ ነው የሄደው። እኔም የተማርኩት ሴትዮ፣ ዲግሪ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት፣ ባሕር ማዶ ነው ብዬ ዕለት ዕለት ናፍቆት እጽፍለታለሁ። ናፍቆቴ ከቤቴ በዋይፋዬ ወጥቶ፣ በዋይፋዬ ይገባል። በመካከሉ አጥር ዘልሎ እንደሚመለስ ግን ማን ነገረኝ?

ምን ይጽፍልኛል መሰለዎት? "የኔ ቆንጆ፣ እዚህ ሀገር ሶኬቱ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፤ የኛ ቻርጀር አይገባበትም። ስልኬን የምሞላበት አጥቼ ተቸግሬያለሁ።" ይሄን የሚጽፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ጠግቦ ባደረ ስልክ ነው። እኔም ሮቤ ወርጄ፣ ቃሲም ሱቅ ገብቼ፣ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው አዳፕተር ገዛሁለት። ቃሲም ለማን ነው ቢለኝ አፍሬ ለትምህርት ቤት ነው አልኩት። ወደዚያ ሀገር የሚሄድ ሰው አጣሁ እንጂ ልልክለት ነበር። ይኸው… ከቦርሳዬ ላውጣው፣ ይኸውልዎት። ከነላስቲኩ እስከ ዛሬ ኖረ። ኋላ ሳጣራ፣ እሱ አለሁበት ያለው ሀገር ሶኬት እንደኛው ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው አሉኝ። ሦስት ጠፍጣፋው የዱባይ ነው፤ ምኞት ነች ያረጋገጠችልኝ። አይገርምም? ያ ሰው ስለ ሶኬቱ የተናገረው ልክ ነበር… ሀገሩን ብቻ ነው የሳተው። ይውሰዱት፣ ለእርስዎ የተፈጠረ ዕቃ ነው። ከቻርጀሩ ጋር አንድ ላይ በእጅ ቦርሳዎ ይያዙት፤ ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት።

ብርዱንም ይነግረኝ ነበር። "እዚህ ሀገር ብርዱ አጥንት ይሰብራል" ብሎ በጻፈ ማግስት አክስቱ ብርድ ልብስ ሊዋሱኝ መጡ። ለምን ብላቸው፣ "ገብሱ በረደው" አሉኝ። ሰጠኋቸው። ገብስ ይበርደዋል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ሽማግሌ ሴት አይመረመርም። ሌላ ቀን ደግሞ "የነሱ ምግብ አልተስማማኝም፣ ዛሬ ገንፎ በሕልሜ በላሁ" አለኝ። በዚያው ቀን አክስቱ ገንፎ ሲያገነፉ አይቻለሁ። ለአንድ አሮጊት የሚበዛ ገንፎ ነበር። ሕልም ደግሞ እንዲህ ቶሎ ሲፈታ አላየሁም።

በምስልም ይደውላል። ከኋላው ነጭ አንሶላ ይወጠራል፤ ሆቴል ነው ይለኛል። አንዴ ከአንሶላው ሥር የጆንያ ጫፍ ብቅ ብላ አየሁ። የዚህ ሀገር ፍራሽ እንዲህ ነው አለኝ። አውራ ዶሮ ሲጮህ የስልኩ ደወል ነው አለኝ። ጎባ ላይ መብራት ድርግም ሲል ጥሪያችን ይቋረጣል። መብራት ሲመጣ ታዲያ እሱ ይቀድመኝና "ይቅርታ፣ እዚህም ጠፍቶ ነበር" ብሎ ይጽፋል። ዓለም እንዴት አንድ ሆናለች እያልኩ እደነቃለሁ።

ፎቶውን ግን መቼም አልረሳው። ነጭ በረዶ ላይ ቆሞ፣ ካፖርት ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ። ሮቤ ሁሉ ተቀባበለው። እርስዎም ሱቅ ውስጥ አሳይተውኝ… አይ፣ ያ ሌላ ፎቶ ይሆናል። ከኋላው ጅባራ ቆሟል። እዚሁ ከጎባ በላይ ያለው የሳነቴ ተራራ ጅባራ፣ ሰው አክሎ። እትዬ ሙሉ፣ ያስተማሩኝ ጅባራ ከሀገራችን ተራሮች ወዲያ አይበቅልም ብለው ነው። ያ ሰው ግን አውሮፓ ላይ አብቅሎ አሳየኝ። ጅባራውንስ ይተዉት፤ በስተግራ ቀይ ቀበሮ አይጥ ታደናለች። "ያ ምንድን ነው?" ብዬ ጻፍኩለት። "የሰው ውሻ ነው፤ እዚህ ሀገር ውሻ ነፃነት አለው" ብሎ መለሰልኝ። አመንኩት። ሮቤ ውስጥስ ጅባራ የማያውቅ ሰው አለ? ሁሉም አየ፣ ሁሉም "ሀገሩ ያምራል" አለ። ማን ይናገር? በጉን በልተናል።

ወንድሜ፣ መርፌውን አገኘኸው? … ሙቀት ነው መሰለኝ ፊትህን ላብ አጥምቆታል። ካፖርትህን አውልቀው እንጂ፣ ሮቤ እኮ ነው ያለኸው።

አመጣጡም የሚረሳ አይደለም። ሥልጠናው አለቀ ተባለና የሚገባበት ቀን ተነገረ። ሰው ተሰልፎ ወደ ሻሸመኔ መንገድ አፍጥጦ ይጠብቃል። ፈትያ ከበሮዋን አንግታለች። ሰውዬው ከጀርባችን፣ ከጎባ በኩል፣ በባጃጅ መጣ። ሻንጣው ላይ ገለባ ነበር። ፈትያ ከበሮዋን ወዴት እንደምታዞር ጠፋት። ምን አለ መሰለዎት? "አሁን መንገዱ በዚህ በኩል ሆኗል" አለ። አንድም የጠየቀው የለም። ፊታችንን አዞርን፣ "ባጋ ነጋን ገልቴ" እያልን አቀፍነው፣ እንኳን በሰላም መጣህ አልን፣ እልል አልን። እኔም እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከሻንጣው ላይ ገለባውን አራገፍኩለት እንጂ።

ከዚያማ ትልቅ ሰው ሆነ። እኔን አንድ ጥግ ወሰደኝና፣ "ሶሲ፣ ውጭ ያየ ሰው እዚሁ ከኖረ ሰው ጋር መግባባት ይቸግረዋል" አለኝ። በለሆሳስ ነው የነገረኝ። ጨዋ ነው፣ ክፉ ቃል አይወጣውም። የሰዓት ልዩነቱ ገና አልለቀቀውም ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ለምን አልተናገርሽም ይሉኝ ይሆናል። ምን ብዬ ልናገር? "ባሕር ማዶ ነው ብዬ አጥር ማዶ ላለ ሰው ሳለቅስ ነበር" ልበል? እሱ ቢዋረድ የኔ ሞኝነት አብሮ አደባባይ ይወጣል። ደግሞ ማን ተጎዳ? በጉ እንደሆነ ታርዷል። የተጎዳሁት እኔ ብቻ ሳለሁ ይቻል ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ነቅዞ ዱቄት ሆነ እንጂ። አሁን ግን ማታ ዓይኔን ስጨፍን ምኞት ትታየኛለች። ሆዷን ይዛ፣ ከበር በር እየሄደች፣ የእርስዎን ነጠላ ስትፈልግ። እዚህ ላይ ማፈር አቃተኝ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ይቅርታህንና፣ ያቺን ሲም ካርድ ወደ ቦታዋ መልስልን። አንተ ልክ ነህ፤ አንተ የነበርክበት ሀገር እንዲያ ይሆናል፣ ስልክም በአየር ይሞላል። ዱባይ ግን ገና አልሠለጠነችም፣ ገመድ ትፈልጋለች። እትዬ ሙሉ፣ ሲም ካርዱን ማንም አይቀማዎትም። ሮሚንጉን፣ ስልክዎ ውጭ ሀገር እንዲሠራ የሚያደርገውን አገልግሎት፣ የቴሌ ቢሮው ሳይዘጋ ዛሬውኑ አብረን ሄደን እናስከፍታለን። የምኞትን ቁጥር በወረቀት ጽፌልዎታለሁ፤ በአንገትዎ ባለችው ቦርሳ ይያዙት፣ ስልኩ እንቢ ቢል እንኳ ለአንዱ ፖሊስ ያሳያሉ። ሲወርዱ የትም አይሂዱ። ሻንጣዎን እንደያዙ ከዕቃ መረከቢያው አጠገብ ቆመው "ደርሻለሁ" ብለው ይላኩላት። መደወል ባይሠራ መልእክቱ ይደርሳታል። አንዴ ይሞክሩት እስቲ እዚህ… ይኸው፣ ጎበዝ። ከብዙ የተማሩ ሰዎች ይሻላሉ። እርስዎ ቢያንስ ከመሄድዎ በፊት ነው የሚጠይቁት።

እውነቱን እንዴት እንደደረስኩበት አልነገርኩዎትማ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሼ ጓሮ ጎመን እቀነጥሳለሁ። ከጎመን መደቡ ወዲያ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ የጓዳዋ ግድግዳ ነው። ሆድ ባሰኝና እጄን በቀሚሴ ጠርጌ "ናፈቅከኝ" ብዬ ላክሁ። ከግድግዳው ውስጥ "ጢን" አለ። የአክስቱ ስልክ ይሆናል አልኩ። "ምሳ በላህ?" ብዬ ላክሁ። "ጢን።" ሁለት ቅጠል ቀነጠስኩ። "ምን ያህል ተራራቅን?" ብዬ ላክሁ። "ጢን" አለ፤ ጉሮሮ ሲጠረግም ሰማሁ። ያንን ጉሮሮ አውቀዋለሁ። ጥቂት ቆይቶ መልሱ መጣ። "በመካከላችን ባሕር አለ የኔ ቆንጆ።"

ቀና ብዬ አየሁ። በመካከላችን ያለው ጎመን ነው።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? ለኔ ሁለቱም አንድ ሰው ሆነው ተገኙ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ጎባ ግን ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይለቅምና ያን ዕለት ቤቴ ገባሁ። ጎመኔን ሠርቼ በላሁ። አመሻሹ ላይ አክስቱ ስልኩን በነጠላቸው ይዘው መጡ። ተቀበልኳቸውና ቻርጅ ላይ ሰካሁት። እስኪሞላ።

በማግስቱ ጠዋት እሳቸው እስኪመጡ አልጠበቅሁም። ስልኩን ራሴ ይዤ ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ገብስ ያበጥራሉ። ሲያዩኝ ደነገጡ፤ እኔ ፈገግ አልኩ። የጓዳዋ በር አጠገብ ቆምኩና፣ እኔ ድምፄ የማይሰማው ሴት፣ ጮክ ብዬ፣ "እማማ፣ ያንን በሰው ሀገር የሚንከራተተውን ልጅ እግዚአብሔር ብርዱን ያቅልልለት" አልኩ። እሳቸው "አሜን" አሉ። ከጓዳዋ ውስጥም ወፈር ያለ ድምፅ "አሜን" አለ።

ምን ያድርግ እትዬ ሙሉ? ሽማግሌ ጉልበት ሥር ያደገ የኛ ሀገር ልጅ ነው። ምርቃት ሲሰማ አፉ ሳያማክረው ይከፈታል። ሰው ከሁሉ ነገር ይደበቃል፤ ከአሜን የት ይደበቃል? አክስቱ ሰፌዱን ለቀቁት፣ ገብሱ መሬት ፈሰሰ። እኔ ምንም እንዳልሰማ ሆኜ ቀጠልኩ። "መንገዱን ያሳጥርለት" አልኩ። ጓዳዋ ጸጥ። "ያለበትንም ሀገር ያስፋለት" አልኩ። አሁንም ጸጥ። ስልኩን አክስቱ እጅ ላይ አስቀመጥኩ፣ ገብሱን አብሬያቸው ለቀምኩ፣ ከዚያ ወደ ክፍሌ ሄጄ ስለ ተክሎች ሥር አስተማርኩ።

በሉ ነጠላዎን ያድርጉ፣ ቢሮው ሳይዘጋ እንሂድ። ምኞትን በሰላም ያገላግልልዎት፤ እርስዎንም አድርሶ ይመልስዎ፣ የልጅ ልጅ ስመው ይምጡ። አንተንም አልረሳሁህም ወንድሜ… ሰው ስታስተምር ደክመሃል። አሜን ለማለት አትቸኩል፣ ልጨርስ፤ አምላክ አንድ ቀን ያሰብክበት ሀገር ያድርስህ።